እርግዝና የሚያየው ማሽን እጅም ያያል

ፎገራ ላይ «ሪህ» የማይባል ሕመም የለም። ጉልበት ቢያብጥ ሪህ ነው። ወገብ ቢይዝ ሪህ ነው። የእጅ ጣት ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ ቢል እሱም ሪህ ነው። ከየት መጣ ተብሎ ሲጠየቅ ደግሞ መልሱ አንድ ነው፤ ብርድ። ሩዝ የምታርም ሴት ክረምቱን ሙሉ እግሯ ከውኃ፣ እጇ ከጭቃ ስለማይወጣ «ብርድ ገባት» ቢባል ማንም አይጠራጠርም።

ወረታ ተወልጄ ያደግኩ ነኝና ይህን ቃል እየሰማሁ ነው የኖርኩት። ዛሬ የምጽፈው በዚህ ቃል ሥር ተሸፍኖ የሴቶቻችንን እጅ ስለሚበላ አንድ በሽታ ነው። በሽታውን በዓይን ሊያሳይ ስለሚችል፣ ሁላችሁም ስለምታውቁት ማሽንም እጽፋለሁ። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

በሽታው ሩማቶይድ አርትራይተስ ይባላል። የሰውነት መከላከያ ጠላቱን ትቶ የገዛ ቤቱን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ጥቃቱ የሚያርፈው መገጣጠሚያን ከውስጥ በሸፈነው ስስ ሽፋን ላይ ነው። ሽፋኑ ይቆጣል፣ ይወፍራል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ አዳዲስ የደም ሥሮችም ያበቅላል። ዝም ከተባለ አጠገቡ ያለውን ልስልስ አጥንት፣ ቀጥሎም ዋናውን አጥንት መቦርቦር ይጀምራል። ብርድ አያመጣውም። ውኃ ውስጥ መቆምም አያመጣውም። ሴቶችን ከወንዶች ሁለትና ሦስት እጥፍ ያጠቃል፤ ብዙ ጊዜ የሚጀምረውም ሰው ለሥራ በደረሰበት፣ ልጅ በሚያሳድግበት ዕድሜ ነው።

ሐኪሞች ጋውት የሚሉት ሪህ ሌላ ነው። እሱ በደም ውስጥ የበዛ ዩሪክ አሲድ መገጣጠሚያ ውስጥ እንደ ጠጠር ሲረጋ የሚመጣ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ በድንገት፣ አንድ ቦታ ላይ፣ በተለይ በእግር አውራ ጣት ይነሳል፤ ይበልጥ የሚያጠቃውም ወንዶችን ነው። በእርጅናና በሥራ ብዛት የሚመጣው የመገጣጠሚያ መበላትም ሌላ ነው። ሦስቱም ያማሉ። ሦስቱም ግን መድኃኒታቸው ይለያያል። ሦስቱን በአንድ ቃል ስንጠራቸው የሚጎዳው መዝገበ ቃላቱ አይደለም፤ ታማሚዋ ናት።

ስንት ሰው ነው እንዲህ የሚታመመው? እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 17.6 ሚሊዮን ሰው ከሩማቶይድ አርትራይተስ ጋር ይኖር እንደነበር ይገመታል። ከሺህ ሰው ሁለት ገደማ ማለት ነው። ፎገራ ወረዳ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ220 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበራት። የዓለሙን ግምት በዚያ ቁጥር ብናባዛው ከ400 በላይ ሰው ይመጣል። ሕዝባችን ወጣት ስለሆነ ግማሹን ቀንሱት፤ 200 ሰው ይቀራል። ይህ የእኔ ስሌት እንጂ የማንም ቆጠራ አይደለም። ቢሆንም በአንድ ወረዳ 200 ሰው እጁን እያጣ ከሆነ ጉዳዩ የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም።

የበሽታው ትልቁ ነገር ጊዜ ነው። የአውሮፓ የዘርፉ ሐኪሞች መመሪያ አንድ ሰው መገጣጠሚያው ማበጥ በጀመረ በ6 ሳምንት ውስጥ ስፔሻሊስት እንዲያየው፣ በ3 ወር ውስጥም በሽታውን የሚገታ መድኃኒት እንዲጀምር ይመክራል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ምክር ለዚህ በሽታ የተነገረ ይመስላል። የተቦረቦረ አጥንት ወደ ነበረበት አይመለስምና።

አክስቴ ከዚያ 3 ወር ውጭ የወደቀች ሴት ናት። ቤቷ ከጉማራ ወንዝ ብዙ አይርቅም። ሲጀምራት ጠዋት ተነስታ መቀነቷን መቋጠር አቃታት፤ ፀሐይ ሞቅ ሲል ጣቷ ይፈታ ነበር። ሁለቱም እጆቿ አንድ ላይ ነበር ያበጡት። አንድ ክሊኒክ ደሟን መርምሮ «ሪህ የለብሽም» አላት። ሌላው መርምሮ «ሪህ ነው» አላት። መርፌ ተወጋች። ከመርፌው በኋላ አንድ ሰው ነጭ ክኒን ሰጣት፤ እንደ ተአምር ተሻላት። ክኒኑ ሲያልቅ ባሰባት፤ እንደገና ገዛች። ፊቷ ክብ እያለ ሲመጣ ጎረቤት «ወፈርሽ፣ ተስማማሽ» ይላት ነበር። ጸበልም ተጠምቃለች፤ ጸበሏን ማንም አይንካባት። ነጩ ክኒን ፕሬድኒሶሎን ነበር። ጥሩ ሐኪም በልክ ሲያዘው የሚጠቅም፣ ያለ ሐኪም ለዓመታት ሲዋጥ ግን አጥንት የሚያሳሳ፣ ስኳር የሚያመጣና ሰውነትን ለሌላ በሽታ የሚያጋልጥ መድኃኒት ነው።

በዚህ መሀል 3 ዓመት አለፈ። በ3ኛው ዓመት ያጣችው ጣቷን ብቻ አልነበረም። ወንፈል የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ዛሬ እኔ ያንቺን አርማለሁ፣ ነገ አንቺ የእኔን። እጇ ማረም ሲያቅተው ብድሯን መመለስ አቃታት። ማንም አልከፋባትም፤ ዝም ብለው መጥራት ተዉ። ይህን ስትነግረኝ ነው ድምጿ የተሰበረው፤ ስለ ሕመሙ ስታወራ አልተሰበረም።

በመጨረሻ ባሕር ዳር አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም አገኘች። ሐኪሙ ሁለት ነገር አደረገ። በመጀመሪያ የእጇን አንጓዎች አንድ በአንድ በጣቱ ጫን ጫን እያለ «ጠዋት ስትነሺ እስኪፍታታልሽ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብሎ ጠየቃት። በ3 ዓመት ውስጥ ይህን ጥያቄ የጠየቃት የመጀመሪያው ሰው ነበር። ከዚያ ወደ አልትራሳውንድ ክፍል ይዟት ገባ። እጇ ላይ ያንን ቀዝቃዛ ቅባት ሲያደርግ አክስቴ ሳቀች፤ «ዶክተር፣ እጄ አረገዘ እንዴ?»

አልትራሳውንድ ሲባል የሁላችንም ሐሳብ ወደ እርግዝና ነው የሚሄደው። ጥፋታችን አይደለም፤ ከመጀመሪያውም ስሙ የገነነው በዚያ ነው። የግላስጎው የማሕፀን ሐኪም ኢያን ዶናልድ በብረት ውስጥ ስንጥቅ ለመፈለግ የተሠራ የፋብሪካ መሣሪያ ወስዶ የሴት ሆድ ላይ ሞከረው፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1958 አሳተመ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እንድትታይ መከረ። በአገራችንም አዋላጅ ነርሶች እየሠለጠኑ ማሽኑ ከሆስፒታል ወርዶ ጤና ጣቢያ ደርሷል።

ማሽኑ የሚሠራው በድምፅ ነው። እኛ የማንሰማው ቀጭን ድምፅ ወደ ሰውነት ይልካል፤ ድምፁ ሲመለስ ይሰማና ሥዕል ይሠራል። ውኃ ጥቁር ሆኖ ይታያል፣ የወፈረ ሽፋን ግራጫ፣ አጥንት ደግሞ ነጭ መስመር። የአጥንቱ መስመር ተቆርጦ ጎድጎድ ብሎ ከታየ በሽታው አጥንቱን መቦርቦር ጀምሯል ማለት ነው። ከዚህም በላይ ዶፕለር የሚባል ዘዴ አለው፤ የሚፈስ ደምን በቀለም ያሳያል። ጤነኛ የጣት መገጣጠሚያ ውስጥ ያን ያህል ደም ሲፈስ አይታይም። በተቆጣ መገጣጠሚያ ውስጥ ግን ቀይና ብርቱካናማ ብልጭታ ይታያል። ጨረር የለውም፣ አያምም፣ ታማሚዋም አብራ ታያለች።

አክስቴም አየች። ሐኪሙ ማሳያውን ወደ እሷ አዙሮ፣ ቀዩን እያመለከተ «ይኼ አሁን እየነደደ ያለው ነው እናቴ» አላት። እሷም «እኔ እሳት ነው ስላቸው፣ ብርድ ነው ይሉኛል» አለች።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። አክስቴ 3 ዓመት ሙሉ ትክክል ነበረች። ማሽኑ ያደረገው ነገር ቢኖር የእሷን ቃል ሰው ሁሉ ሊያየው በሚችል ቀለም መጻፍ ነው። የእኛ አገር ታማሚ፣ በተለይ የገጠር ሴት፣ ስትናገር ከምትታመነው በላይ ወረቀት ስትይዝ ትታመናለች። ይህ መሆን አልነበረበትም፤ ግን ነው።

የደም ምርመራስ? ይጠቅማል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ሩማቶይድ ፋክተር የሚባለው ምርመራ ከታማሚዎቹ ከአምስት በአንዱ ወይም ከዚያ በሚበልጡት ላይ ምንም ሳያሳይ ይቀራል። በተቃራኒው በሽታው በሌለባቸው፣ ካላ አዛርን ጨምሮ ሌላ ኢንፌክሽን ባለባቸው ሰዎች ላይ «አለ» ሊል ይችላል። ራጅም ዘግይቶ ነው የሚናገረው። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት በሽታው ገና በጀመራቸው ሰዎች ጣት ላይ አልትራሳውንዱ ከራጁ 6.5 እጥፍ የሚበልጥ የአጥንት ቡርቡር እንዳገኘ አሳይቷል።

እስካሁን ያነበበ ሰው «ታዲያ ማሽን ይገዛና ነገሩ ይለቅ» ሊል ይችላል። እኔ ግን የምለው እሱን አይደለም።

ኖርዌይ ውስጥ 238 ታማሚዎች ለሁለት ተከፍለው ተጠኑ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ። የአንደኛው ወገን ሐኪሞች በእጃቸው እየዳሰሱ፣ እየጠየቁና ደም እየመረመሩ መድኃኒቱን አስተካከሉ። የሌላኛው ወገን ሐኪሞች በዚህ ላይ በየጊዜው አልትራሳውንድ ጨመሩ። በመጨረሻ በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል የጤና ልዩነት አልተገኘም። ይህ ማሽኑ አይጠቅምም ማለት አይደለም። ጥሩ ሐኪም በቅርብ ሆኖ በየጊዜው ለሚያያት ታማሚ በክትትሉ ላይ ማሽኑ ብዙ አልጨመረም ማለት ነው። ማሽኑ የሚጠቅመው ጥርጣሬ ባለበት ነው፤ እብጠቱ በእጅ ሲዳሰስ ሳይለይ ሲቀር፣ የደሙ ምርመራ አንዴ አዎ አንዴ አይ ሲል፣ ሐኪሙ ሲያመነታ።

እኛ ጋ ያለው የትኛው ነው? እኛ ጋ ያለው ጥርጣሬው ነው። በአገራችን የዘርፉ ስፔሻሊስቶች በጣም ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም አዲስ አበባ ናቸው። ስለዚህ ማሽኑ ከኖርዌይ ይልቅ ፎገራ ላይ ሊጠቅም ይችላል ብዬ አምናለሁ። ይህ የሚሆነው ግን ከእሱ በፊት መምጣት ያለበት ነገር ከመጣ ነው።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ጤና ጣቢያ ላይ ለነፍሰ ጡር የተቀመጠው ማሽን እንዳለ ተወስዶ ጣት አያይም። ለሆድ የተሠራው ፕሮብ ግንባሩ ቆልመም ያለ፣ ድምፁ ጥልቅ የሚሄድ ነው፤ ከቆዳ ሥር በሚሊሜትር የሚለካን ነገር አጥርቶ አያሳይም። ለጣት ቀጥ ያለ ግንባር ያለው፣ ድምፁ ይበልጥ የቀጠነ ፕሮብ ያስፈልጋል። ብዙ ማሽኖች ፕሮብ ይቀይራሉ፤ አንዳንዱ ግን አይቀይርም። ማየቱም ልምድ ይፈልጋል። አዋላጇ ላይ ሌላ ሸክም ጨምሩባት እያልኩም አይደለም፤ ያለባት ይበቃታል።

ከማሽኑ በፊት መምጣት ያለበት ጥያቄው ነው። ፎገራ ይህን ትምህርት አንድ ጊዜ በከባድ ዋጋ ተምራዋለች። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ ሰው በትኩሳት ያልቅ ነበር። መጀመሪያ ወባ ተባለ። አካባቢው ወባማ ነውና ማን ይጠራጠራል? መድኃኒቱ ግን አልሠራም። ግንቦት ላይ ካላ አዛር መሆኑ ታወቀ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አስተውሉ። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም በደቂቃዎች ውስጥ የሚታይ ምርመራ መጣ፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞች አዲስ ዘመን ከተማ ላይ ሕክምና ጀመሩ፤ ባለሙያዎችም ትኩሳት ያለበትን ሁሉ ወባ ከማለት በፊት ጣፊያውን መዳሰስ ለመዱ። ጥያቄው፣ ምርመራውና መድኃኒቱ አንድ ላይ ደረሱ። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ሌሎቹ ሁለቱ ብዙ አይፈይዱም ነበር።

ስለ መድኃኒቱም ልናገር፤ ብዙ ሰው «እሱማ የሀብታም አገር ሕክምና ነው» ይላል። አይደለም። ዋናው መድኃኒት ሜቶትሬክሴት ነው። አሮጌ ነው፣ ርካሽ ነው፣ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም አለ። የሚዋጠው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በየቀኑ ከተዋጠ ይገድላል። ጉበትና ደም በየጊዜው መታየት አለበት፤ ለነፍሰ ጡር ፈጽሞ አይሰጥም። ሌላው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ነው፤ እኛ የምናውቀው የወባ መድኃኒት የክሎሮኪን የቅርብ ዘመድ። እነዚህ ከጓደኛ ተቀብሎ የሚዋጡ መድኃኒቶች አይደሉም። ሐኪምና ክትትል ይፈልጋሉ። ግን የቦይንግ ዋጋ አይጠይቁም።

ክትትሉ ላይ ነው እኛ የምንሰበረው። ከወረታ ባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደብረ ታቦር ደግሞ ከዚያም ይቀርባል። በካርታ ሲታይ ቅርብ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት ግን ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን «ዛሬ መንገዱ ክፍት ነው ወይ?» በሚል ጥያቄ ነው። አክስቴ ሁለት ቀጠሮ ያመለጣት ረስታ አይደለም። መድኃኒት በሳምንት አንዴ የሚዋጥ፣ ደም በየጥቂት ወሩ የሚታይ ከሆነ፣ አገልግሎቱ ራሱ ወደ ሜዳው መውረድ አለበት እንጂ ታማሚዋ ሁልጊዜ ልትወጣለት አትችልም።

ይህ ደግሞ የማይቻል ነገር አይደለም። ታሪካችን ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1953 ከጣና በስተ ሰሜን ደምቢያ ላይ ወባ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ፣ በማግሥቱ ዓመት ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ጤና መኮንን የሚባለው ባለሙያ የተፈጠረው እዚያ ነው፤ ሐኪም በሌለበት ሜዳ ላይ የሐኪምን ጥያቄ እንዲጠይቅ። ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ፎገራ አንዷ ነበረች። ማለትም ሰዉም፣ ካርዱም፣ ልምዱም አለ።

ሩዙንም ተመልከቱት። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ ሩዝ ሲያለማምዱ ገበሬው «ይህ ደግሞ ምን ዓይነት ሣር ነው» ያለበት ሰብል፣ ዛሬ ወረታ ላይ ብሔራዊ የምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለው። የሩዙ ቅጠል ቢጫ ቢሆን ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ ባለሙያ አለ። ደስ ይለኛል፤ ይኑር። ሩዙን የሚያርሙት እጆች ሲያብጡስ? «ብርድ ነው» ይባላል።

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ ቅደም ተከተሉም ይጠበቅ። በመጀመሪያ በየጤና ጣቢያው ያለ ጤና መኮንን «እጄን አመመኝ» ያለችን ሴት ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ፤ ጠዋት እስኪፍታታ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል? ሁለቱም እጅ ነው? ከ6 ሳምንት አልፏል? ከዚያም የጣቶቿን ሥር አንጓዎች ጨበጥ አድርጎ ይጫን። ይህ ብር አይፈልግም፤ አንድ ቀን ሥልጠና ይበቃዋል። ቀጥሎ የዞኑ ሆስፒታል ላይ ለጣት የሚሆን ፕሮብና በእሱ የሠለጠነ አንድ ሰው ይኑር፤ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ቀን ለእጅ ብቻ ይመደብ። በመጨረሻም መድኃኒቱ በመድን ካርድ በሚታደልበት መደርደሪያ ላይ ይገኝ። የመጨረሻው ከሌለ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለታማሚዋ ስም ከማውጣት አያልፉም።

ይህን ስጽፍ «ሰው በጥይት በሚሞትበት አገር ስለ ጣት ታወራለህ?» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። አዎ፣ አወራለሁ። ጦርነት ሲያልፍ ማሳውን የሚያርመው፣ ሊጥ የሚያቦካው፣ ልጅ የሚያጥበው ይኸው እጅ ነው።

ለእናንተ ደግሞ አንድ የቤት ሥራ። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ወይም ስልክ ስትደውሉ እናታችሁን፣ አክስታችሁን፣ የቤት ሠራተኛችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ «ጠዋት ስትነሺ እጅሽ እስኪፍታታ ስንት ሰዓት ይፈጅብሻል?» መልሱ ረዘም ካለ «ብርድ ነው» አትበሉ። ሐኪም ዘንድ ውሰዷት፤ መጀመሪያ እጇን የሚዳስስ ሐኪም ዘንድ።

ቸር እንሰንብት።